የተበሳ የሞተር ሳይክል ጎማ፦ መቼ ይጠገናል? መቼስ ይተካል?

ሞተር ሳይክል በከተማም ሆነ በገጠር የሚሰጠው አገልግሎት ቀላል አይደለም። የግብርና ባለሙያው ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘዋወረው፣ የጤና ባለሙያው ክትባት ይዞ መኪና ወደማይገባበት መንደር የሚደርሰው፣ በበርካታ የክልል ከተሞችም ተሳፋሪና ዕቃ የሚጓጓዘው በሞተር ሳይክል ነው። ይህ ሁሉ አገልግሎት የሚያርፈው ግን እያንዳንዳቸው ከአዋቂ ሰው መዳፍ በማይበልጥ ስፋት መንገዱን በሚነኩ ሁለት ጎማዎች ላይ ነው። አራት ጎማ ያለው ተሽከርካሪ አንዱ ቢተነፍስበት የተቀሩት ሦስቱ ሚዛኑን ይይዙለታል፤ ሞተር ሳይክል ግን ይህ ዕድል የለውም።

ጎማ የተበሳበት አሽከርካሪ በቅድሚያ የሚያስበው በቶሎ አስጠግኖ ጉዞውን ስለመቀጠል መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ጎማው ሊጠገን የሚችል ነው ወይስ መተካት ያለበት የሚለውን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ለጎሚስታው መተው ተገቢ አይደለም። ጎሚስታው ሥራውን ያውቃል፤ በዚያ ጎማ ላይ ተሳፋሪ ጭኖ ቁልቁለት የሚወርደው ግን አሽከርካሪው ነው። በመሆኑም የሞተር ሳይክል ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ስለ ጥገናው ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ጎማው በጉዞ ላይ ሲተነፍስ

የኋላ ጎማ ሲተነፍስ የሞተር ሳይክሉ የኋላ ክፍል ግራና ቀኝ ይዋዥቃል። የፊት ጎማ ሲተነፍስ ደግሞ መሪው ይከብዳል፣ ወደ አንድ ወገንም ይጎትታል። ከሁለቱ የከፋው የፊቱ ነው፤ ምክንያቱም ሞተር ሳይክሉ አቅጣጫውን የሚይዘው በፊት ጎማ ነው። በሁለቱም ሁኔታ በድንጋጤ ፍሬን አጥብቆ መያዝ ለመውደቅ ያጋልጣል። አሽከርካሪው መሪውን በሁለት እጁ አጽንቶ በመያዝ፣ የነዳጅ መስጫውን ቀስ በቀስ በመልቀቅና ቀጥ ያለ አቅጣጫ በመጠበቅ ፍጥነቱ በራሱ እንዲቀንስ ማድረግ ይኖርበታል። ፍሬን መጠቀም ግድ ከሆነ አየር ያልወጣበትን ጎማ ፍሬን በለስላሳው መጠቀም ይመከራል። ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪም እግሩን ከመርገጫው ሳያነሣ፣ ወደ ጎንም ሳያዘነብል አሽከርካሪውን ይዞ መቆየት አለበት። እግርን ወደ መሬት ማውረድ ሚዛኑን ይበልጥ ያዛባል።

ማቆሚያ ሲመረጥ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ መውጣት የሚቻልበትና ከሩቅ የሚታይ ቦታ መሆን አለበት። መንገዱ ጠመዝማዛ ከሆነ ኩርባው ላይ ከመቆም ይልቅ በእግር እየገፉ ማለፍ ይሻላል። ከኋላ ለሚመጡ ተሽከርካሪዎች የሚታይ አንጸባራቂ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ማስቀመጥ አስፈላጊ ነው። በአገራችን በዚህ ፋንታ ቅጠልና ድንጋይ በመንገድ ላይ መደርደር የቆየ ልማድ ነው። ቅጠሉ በቀን ሊረዳ ይችል ይሆናል፤ ድንጋዩ ግን ጥገናው አልቆ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ እዚያው ይቀራል። መሸት ሲል መብራቱ በደከመ ሞተር ሳይክል ለሚመጣ ሌላ ሰው ይህ ድንጋይ ከተበሳ ጎማ የባሰ አደጋ ነው። ስለሆነም ድንጋይ በመንገድ ላይ ባያስቀምጡ ይመረጣል፤ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ሳያነሣ መሄድ የለበትም።

«ጎሚስታው ቅርብ ነው» በሚል በተነፈሰ ጎማ ላይ ተቀምጦ መንዳት ከፍተኛ ኪሳራ ከሚያስከትሉ ስሕተቶች አንዱ ነው። አየር የሌለው ከመነዳሪ በጎማውና በቸርኬው መካከል ይፈጫል። አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ብቻ የነበረበትና በቀላሉ ሊለጠፍ ይችል የነበረ ከመነዳሪ በአጭር ርቀት ውስጥ ተቆራርጦ ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ ቫልቩም ከሥሩ ሊነቀል ይችላል። ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ይጣመማል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን በዓይን የማይታየው ጉዳት ነው፦ የሰውና የዕቃ ክብደት በተጣጠፈው የጎማ ጎን ላይ ሲያርፍ በውስጡ ያሉት ክሮች ይበጣጠሳሉ፤ ጎማው ግን ተመልሶ ሲነፋ ከውጭ ደህና ይመስላል። እንዲህ ያለው ጎማ ሌላ ቀን፣ በሙሉ ጭነትና በፍጥነት ላይ ሳለ በድንገት ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ሞተር ሳይክሉን በመኪና ወይም በጋሪ ማስጫን፣ ካልሆነም ሞተሩን አስነሥቶ በአንደኛ ማርሽ ከጎኑ በእግር እየተራመዱ መውሰድ ይገባል።

ቀዳዳው ያለበት ቦታ መንስኤውን ይናገራል

ጎሚስታው ከመነዳሪውን አውጥቶ፣ ነፍቶ ውኃ ውስጥ ሲነክረው አሽከርካሪው አጠገቡ ቆሞ ሊመለከተው የሚገባ ነገር አለ። አረፋው የወጣበት ቦታ ጎማው ለምን እንደተበሳ ያመለክታል፤ መንስኤው ካልታወቀ ደግሞ ልጥፉ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጎማው ተመልሶ ይተነፍሳል። ለዚህ ሲባል ጎማው ከቸርኬው ከመውጣቱ በፊት ቫልቩ ባለበት አንጻር በጎማው ጎን ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ጠቃሚ ነው። ከመነዳሪው ላይ ቀዳዳው ሲገኝ ከቫልቩ ያለውን ርቀት በመለካት በጎማው ላይ ትክክለኛውን ቦታ በቀላሉ ማግኘት ይቻላል። ምልክቱን ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ እንኳ አይደለም፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ሲደረግ አይታይም።

ቀዳዳው በከመነዳሪው የውጨኛ ክፍል፣ ማለትም መንገዱን በሚነካው ወገን ከሆነ መንስኤው ከመንገድ የመጣ ነገር ነው፤ ሚስማር፣ የሽቦ ስብርባሪ፣ ጠርሙስ ወይም እሾህ ይሆናል። በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቦረናና በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለሚንቀሳቀሱ አሽከርካሪዎች የግራር እሾህ የተለመደ ችግር ነው። እሾህ ከሚስማር የሚለየው ጎማው ውስጥ መሰበሩ ነው። ውጨኛው ጫፉ ተቆርጦ ይወድቃል ወይም ከጎማው ጋር ተስተካክሎ ይበላል፤ ሹሉ ጫፍ ግን ጎማው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ከመነዳሪው ተለጥፎ ሲገባና ክብደት ሲያርፍበት ያ ስባሪ እንደገና ይወጋዋል። በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጎማ ተነፍሶበት «ማስቲሹ አይረባም» ወይም «ከመነዳሪው ውሸት ነው» የሚል አሽከርካሪ አብዛኛውን ጊዜ ጎማው በአግባቡ ያልተፈተሸለት ሰው ነው። ፍተሻው የሚደረገው የጎማውን ውስጠኛ ክፍል ከፈት እያደረጉ ዙሪያውን በጨርቅ በመጥረግ ነው። ጨርቁ በሹል ነገር ይያዛል፤ በባዶ ጣት መዳሰስ ግን እጅን ያቆስላል። የተገኘው ስባሪ በጉጠት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ተስቦ መውጣት አለበት። አንድ እሾህ ተገኘ ተብሎም ፍተሻው መቋረጥ የለበትም፤ እሾህ በበዛበት መንገድ ያለፈ ጎማ ውስጥ የሚገኘው አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ቀዳዳው በውስጠኛው ወገን፣ ወደ ቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ መንገዱን መውቀስ አይቻልም። ቸርኬው በሽቦ የተወጠረ በሆነ ሞተር ሳይክል የሽቦዎቹ ጫፍ በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ይወጣል። ከመነዳሪውን ከእነዚህ ጫፎች የሚከላከል የላስቲክ ቀለበት በቸርኬው ዙሪያ አለ። ይህ ላስቲክ ሲያረጅ፣ ሲቆረጥ ወይም ከቦታው ሲንሸራተት ሽቦው ከመነዳሪውን ይወጋዋል። መፍትሔው ላስቲኩን መቀየርና የረዘመውን የሽቦ ጫፍ በሞረድ ማስተካከል ነው። በአንዳንድ ቦታ በላስቲኩ ፋንታ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ይደረጋል፤ በወጉ ከተቆረጠና የቫልቩ ቀዳዳ በትክክል ከተበሳለት ለጊዜው ያገለግላል።

ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ትናንሽ ስንጥቆች ከተገኙ የእባብ ንክሻ ይመስላሉ። ይህ የሚከሰተው በቂ አየር የሌለው ጎማ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬው ጠርዝና በጎማው መካከል ተቆንጥጦ ነው። ተሳፋሪና ጭነት በሚበዛባቸው ሞተር ሳይክሎች፣ በተለይም በኋላ ጎማ ላይ ይህ ጉዳት የተለመደ ነው። እንዲህ ዓይነት ስንጥቅ ተለጥፎ ቀድሞ በነበረው የአየር መጠን ከተነዳ ያው ጉዳት መደጋገሙ አይቀርም። ስለዚህ ልጥፉ ብቻ በቂ አይደለም፤ የአየሩ መጠን መስተካከል አለበት።

ከመነዳሪው በቫልቩ ሥር ከተቀደደ መለጠፍ አይሞከርም፤ መተካት ብቻ ነው። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ አየር ያነሰው ጎማ ፍሬን ሲያዝ በቸርኬው ላይ እየዞረ ከመነዳሪውን አብሮ መጎተቱ ነው። ቫልቩ ቀጥ ብሎ መቆሙን ትቶ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ከታየ ይህ እየተፈጠረ መሆኑን ያመለክታል፤ ገና ሳይቀደድ አየሩን አውጥቶ ከመነዳሪውን ማስተካከል ይቻላል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከመነዳሪው ምንም ቀዳዳ አይገኝበትም። ጎማው በአንድ ሌሊት ቀስ እያለ የሚተነፍስ ከሆነ ጎማውን ከመፍታት በፊት በቫልቩ አፍ ላይ የሳሙና ውኃ ጠብ ማድረግ ይገባል፤ ብዙ ጎሚስታዎች በጣታቸው ምራቅ አድርገው የሚሞክሩትም ይህንኑ ነው። አረፋ ከወጣ ችግሩ የቫልቩ ውስጣዊ ክፍል ነው፤ እርሱን ማጥበቅ ወይም መቀየር በቂ ይሆናል። የቫልቭ ክዳንም እንደ ጌጥ የሚታይ አይደለም፤ አቧራና ጭቃ ወደ ውስጥ ገብቶ መዝጊያውን እንዳያላላው ይከላከላል።

ከመነዳሪ ሲለጠፍ

ጥገናው የሚካሄደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ያለ ሙቀት በማስቲሽ የሚለጠፍ ልጥፍ ሲሆን አሽከርካሪው ራሱ በመንገድ ላይ ሊሠራው ይችላል። ሁለተኛው ጥሬ ጎማ በቀዳዳው ላይ ተደርጎና በማሰሪያ ተጠብቆ የሚሞቅበት ዘዴ ነው። በአግባቡ ከተሠራ ሙቀቱ ልጥፉንና ከመነዳሪውን አንድ አካል ስለሚያደርጋቸው ይኸኛው የበለጠ ይጸናል። ሙቀቱ ከበዛ ግን ከመነዳሪው ይከሳል፤ ከልጥፉ ዳር ላይም ቆይቶ ይሰነጠቃል።

በማስቲሽ የሚለጠፍ ልጥፍ ሳይዝ የሚቀረው በችኮላ ምክንያት ነው። ቀዳዳው ዙሪያ ከልጥፉ ስፋት በለጥ አድርጎ በብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር መፋቅ፣ ብናኙን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ ማስቲሹን በስሱ መቀባት ያስፈልጋል። ቀጥሎ የሚመጣው ትዕግሥት ነው። ማስቲሹ ገና እርጥብ ሳለ ልጥፉ ከተደረገበት አይዝም፤ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ በጣት ሲነኩት የማይርስ ግን የሚሳብ ሲሆን ልጥፉን አስቀምጦ ከመሐል ወደ ዳር በኃይል መጫን ይገባል። ማስቲሹ በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ በእሳት ለማድረቅ መሞከር ለቃጠሎ ያጋልጣል። ከተለጠፈ በኋላ በልጥፉ ላይ ታልክ ዱቄት መነስነስ ከጎማው ጋር እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ከመነዳሪው ወደ ጎማው ከመመለሱ በፊት በጥቂቱ ተነፍቶ ውኃ ውስጥ እንደገና መሞከር አለበት፤ አንዱን ቀዳዳ የደፈነ ጎሚስታ ሁለተኛውን ሳያይ የቀረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ልጥፍ በልጥፍ ላይ የተደራረበበት፣ ቀዳዳው በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ያረፈበት፣ ወይም ከመበሳት አልፎ የተቀደደ ከመነዳሪ ለጥገና አይበቃም። ከመነዳሪ ከጎማ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ርቀት የሚጓዝ አሽከርካሪ አንድ ትርፍ ከመነዳሪ ከመቀመጫው ሥር ቢይዝ በመንገድ ላይ ከመለጠፍ ይገላገላል፤ የተበሳውን ደግሞ ከተማ ገብቶ በእርጋታ ያስጠግናል። አዲስ ከመነዳሪ ሲገዛ በላዩ የተጻፈው መጠን ከጎማው መጠን ጋር መመሳሰል አለበት። ያነሰው ሲለጠጥ ይሳሳል፤ የበለጠው ደግሞ ጎማው ውስጥ ይታጠፍና በእጥፋቱ ላይ ይበሳል።

በቫልቭ በኩል የሚጨመር የጎማ መድፈኛ ፈሳሽም በገበያ ላይ ይገኛል። ትንሽ የሚስማር ቀዳዳን ለጊዜው ሊዘጋ ይችላል፤ የተሰነጠቀ ከመነዳሪን ግን አያድንም። ፈሳሹ የተጨመረበት ከመነዳሪ በኋላ ለመለጠፍ ስለሚያስቸግር ለጎሚስታው አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው።

ከመነዳሪ የሌለው ጎማ

ድፍን ቸርኬ ያላቸው አንዳንድ ሞተር ሳይክሎች ከመነዳሪ የማያስፈልገው፣ በጎኑ «ቱብለስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ ይጠቀማሉ። ይህ ዓይነቱ ጎማ ሚስማር ሲገባበት በአንድ ጊዜ አይተነፍስም፤ ሚስማሩ ራሱ ቀዳዳውን ዘግቶ ይቆያል። ስለዚህ ሚስማሩን አይቶ ወዲያው መንቀል አይገባም። አየሩን ለክቶ፣ በቂ ከሆነ በዝግታ ጎሚስታ ዘንድ ደርሶ ማስነቀል ይሻላል። ከውጭ በኩል የሚሰካው የላስቲክ ክር ፈጣን መፍትሔ ነው፤ ሆኖም ጎማው ወጥቶ ከውስጥ ካልተፈተሸና ከውስጥ በኩል በልጥፍ ካልተደፈነ እንደ ጊዜያዊ ጥገና መታየት አለበት፤ በዚያ ሁኔታም ፍጥነትና ጭነት መቀነስ ይኖርበታል። በጎማው ጎን ላይ የደረሰ ቀዳዳ ግን በየትኛውም ዘዴ አይጠገንም። ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር የሚታጠፍና የሚዘረጋ በመሆኑ መሰኪያም ሆነ ልጥፍ አይቆይበትም።

ጎማው ራሱ መተካት ሲኖርበት

ከመነዳሪው በወጣ ቁጥር የውጩን ጎማ ለመመርመር ምቹ አጋጣሚ ይገኛል። በጎኑ ላይ ስንጥቅ ወይም እብጠት የታየበት፣ ክሩ የወጣ፣ በስለት ተቆርጦ ውስጡ የሚታይ፣ ወይም ጥርሱ አልቆ በተለምዶ «ሊሾ» የሚባለው ደረጃ ላይ የደረሰ ጎማ መተካት አለበት። በጎማው ጥርሶች መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ተበልቶ ከእነዚህ ጉብታዎች ጋር ሲስተካከል የጎማው የአገልግሎት ጊዜ አብቅቷል ማለት ነው። ጥርስ የሌለው ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ደህና ሊመስል ይችላል፤ በክረምት ውኃ በተኛበት መንገድና በጭቃ ላይ ግን ፍሬን አይዝም። ሳስቶ ስለሚቀርም እሾህና ሚስማር በቀላሉ ያልፈዋል፤ በተደጋጋሚ የሚበሳ ጎማ ብዙ ጊዜ ያለቀ ጎማ ነው።

በተቆረጠ ጎማ ውስጥ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አድርጎ መንዳት በስፋት የሚታይ አሠራር ነው። ይህ እስከ ቅርብ ከተማ ለመድረስ ካልሆነ በስተቀር ተቀባይነት የለውም፤ ቁራጩ ከመነዳሪውን እየፈተገ ያሳሳዋል፤ የተቆረጠው ቦታም እየሰፋ ይሄዳል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ማድረግ የሚጠበቅባቸው መሆኑ ይታወቃል። ጎማን ለምርመራው ቀን ብቻ ተውሶ አስገጥሞ ቦሎ ከተሰጠ በኋላ አሮጌውን መመለስ ተቆጣጣሪውን ያታልል ይሆናል፤ መንገዱን ግን አያታልልም።

አዲስ ጎማ ሲገዛ በጎኑ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። በበርካታ ቀላል ሞተር ሳይክሎች ላይ የፊቱ 2.75-17፣ የኋላው 3.00-17 የሚል መጠን ይታያል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማውን ስፋት በኢንች፣ ሁለተኛው የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የመሸከም አቅም መለያ ነው፤ ለምሳሌ 41 ማለት 145 ኪሎ ግራም፣ 50 ማለት 190 ኪሎ ግራም ነው። ይህ ቁጥር ራሱ ክብደቱ አይደለም፤ «50 ኪሎ ብቻ ይሸከማል» ብሎ መረዳትም ሆነ ለገዢ እንዲህ ብሎ ማስረዳት ስሕተት ነው። አሽከርካሪው፣ ተሳፋሪው፣ ዕቃው፣ የሞተር ሳይክሉም ክብደት ለሁለቱ ጎማዎች እንደሚከፋፈል፣ የኋላውም የበለጠውን ድርሻ እንደሚሸከም ታሳቢ መደረግ አለበት።

ጎማው የተመረተበት ጊዜ በአራት አኃዞች ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ 1524 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ በ2024 በ15ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር መጀመሪያ አካባቢ የተመረተ ነው። መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የቆየ፣ በተለይም ፀሐይ ሲያገኘው የነበረ ጎማ ሳይነዳ ይደርቃል፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ሲታጠፍ ስንጥቆች ይታዩበታል። እንዲህ ያለውን «አዲስ» ጎማ አለመግዛት የገዢው መብት ነው። ግዢው በደረሰኝ መፈጸም አለበት፤ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ የተሰጡትን መብቶች ለመጠቀም፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለማስለወጥ ወይም ገንዘብን ለማስመለስ ማስረጃ የሚሆነው ደረሰኙ ነው።

ጎማው ሲገጠም

በብዙ ጎማዎች ጎን ላይ የመዞሪያ አቅጣጫን የሚያሳይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ ወደፊት በሚዞርበት አቅጣጫ መግጠም ያስፈልጋል። ለአዲስ ጎማ አዲስ ከመነዳሪ ማድረግ ይመከራል። አሮጌው በአገልግሎት ብዛት ስለተለጠጠ በአዲሱ ጎማ ውስጥ ይታጠፋል። ከመነዳሪው ሲገባ ቅርጹን ለመያዝ ያህል በጥቂቱ መነፋት አለበት፤ ጨርሶ ያልተነፋ ከመነዳሪ በመፈልቀቂያው ብረት ይቆነጠጣል። በጥገና ላይ ከሚደርሱ ጉዳቶች አሳዛኙ ይህ ነው፦ አንዱ ቀዳዳ ተደፍኖ ሌላው በዚያው ሰዓት ይከፈታል፤ አሽከርካሪውም ከፍሎ ሳይርቅ ይመለሳል። የጎማውን ጠርዝ ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምሮ ወደ ቸርኬው መሐል ጉድጓድ እየገፉ በቫልቩ አጠገብ መጨረስ ሥራውን ያቀልለዋል፤ ብረቱንም ብዙ መጠቀም አያስፈልግም። ጠርዙ ቦታውን እንዲይዝ የሳሙና ውኃ መቀባት በቂ ነው። አንዳንዶች ቤንዚን ረጭተው እሳት በመለኮስ ጎማውን በፍንዳታ ቦታ ለማስያዝ ይሞክራሉ። ይህ አሠራር ጎሚስታውንም፣ አጠገቡ የቆመውንም ሰው ለሞት ሊዳርግ ስለሚችል አሽከርካሪው ሊከለክል ይገባል።

ከነፉ በኋላ በጎማው ጎን ላይ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ያለው ቀጭን መስመር ዙሪያውን እኩል መታየት አለበት። በአንድ ቦታ ከጠፋ ጎማው አልተቀመጠም፤ ተንፍሶ እንደገና መነፋት ይኖርበታል። የቫልቩ ዳዶ በቸርኬው ላይ ተጠብቆ መታሰር የለበትም፤ ላላ ብሎ ወይም ከክዳኑ ጋር ተያይዞ ቢቀመጥ ቫልቩ ሲያዘነብል አሽከርካሪው በቶሎ ያየዋል።

የኋላ ጎማ ተፈትቶ በታሰረ ቁጥር ካቴናውና ፍሬኑም አብረው ይነካሉ። ስለዚህ ጎሚስታው «አልቋል» ባለ ጊዜ ሥራው ገና አላለቀም። የካቴናው ውጥረት በአምራቹ መመሪያ መሠረት መሆኑን፣ በግራና በቀኝ ያሉት የማስተካከያ ምልክቶች እኩል መሆናቸውን፣ የአክስሉ ዳዶ መጥበቁን፣ የዳዶው መከላከያ ሽቦ ወደ ቦታው መመለሱን፣ የፍሬኑ ማያያዣ ዘንግም በትክክል መታሰሩን አሽከርካሪው በዓይኑ ማየት አለበት። መከላከያ ሽቦው ተሰብሮ ወይም ጠፍቶ ሳይተካ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ትንሽ ዕቃ ቢሆንም ዳዶው በንዝረት እንዳይፈታ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ሞተር ሳይክሉ በመቆሚያው ላይ እንዳለ ጎማውን በእጅ ማዞርና ፍሬኑን ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል። ፍሬን መያዙን ሳያረጋግጡ ወደ መንገድ መውጣት አይፈቀድም።

አዲስ ጎማ ሲመረት የቀረ ለስላሳ ሽፋን በላዩ ስላለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያንሸራትታል። ጥርሱ እስኪሻክር ድረስ በኩርባ ላይ አብዝቶ ከመጋደምና በድንገት ፍሬን ከመያዝ መቆጠብ ይገባል።

የአየር መጠን

ትክክለኛው መጠን በሞተር ሳይክሉ መመሪያ መጽሐፍ ወይም በአካሉ ላይ በተለጠፈ ጽሑፍ ይገኛል። ለብዙ ቀላል ሞተር ሳይክሎች ለፊት ጎማ 25 ፒ ኤስ አይ አካባቢ፣ ለኋላው አሽከርካሪው ብቻውን ሲሆን 28፣ ተሳፋሪ ሲጨመር 32 አካባቢ ይሆናል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ ሁልጊዜ የሚሞላው መጠን አይደለም። አየሩን በጣት በመጫን ወይም በእግር በመምታት መገመት አስተማማኝ አይደለም፤ በመለኪያ ብቻ ይታወቃል።

የሚለካውም ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ በተለይም ጠዋት ከመነሣት በፊት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ በሙቀቱ መሐል የቆመ አሽከርካሪ ጎማውን ቢለካ ከጠዋቱ የበለጠ ቁጥር ሊያይ ይችላል። ይህ ከጉዞውና ከአካባቢው ሙቀት የመጣ በመሆኑ አየር ማስወጣት አይገባም፤ ካስወጣ ወደ ደጋው ወጥቶ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከሚያስፈልገው በታች ሆኖ ያገኘዋል።

ከጥገና በኋላ የተሞላው አየር በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተር ሳይክሉ ሳይንቀሳቀስ እንደገና መለካት አለበት። ቁጥሩ በጉልህ ቀንሶ ከተገኘ ተሳፋሪም ሆነ ጭነት ሳይያዝ ወደ ጠገነው ጎሚስታ መመለስና ከመነዳሪው፣ ቫልቩና የጎማው ውስጥ እንደገና እንዲፈተሹ መጠየቅ ያስፈልጋል።